አኳራጅ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

የቱሉ ዲምቱው፦
ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ትንሽ ትመስላለች፤ እኔን ግን ሁለት በር አስከፍላኛለች።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቤቱን ከተረከብኩ ቆየሁ፤ ፊኒሺንጉን ግን እንደ ኪሴ እየቆራረስኩ ነው የምሠራው። ዘንድሮ ተራው የበሮቹ ሆነ። ቀለም ቀቢው የሚገዛውን በቁራጭ ወረቀት ጻፈልኝ። ሲንተቲክ ቀለም 1 ጋሎን፣ ስቱኮ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ብሩሽ፣ አኳራጅ 2 ሊትር። ሌላው ገባኝ። አኳራጅን ግን ሰምቼው አላውቅም። ሱቅ ሄጄ ወረቀቱን ሰጠሁት። ልጁ አየና «አኳራጅ ማለት ቲነር ነው» ብሎ ከበርሜል በሃይላንድ ቀዳልኝ።

የመጀመሪያውን ቅብ ቀቢው ራሱ ይዞት በመጣው ትራፊ አቅጥኖ ቀባ። ቆንጆ ሆነ። በማግስቱ ሁለተኛውን በእኔ «አኳራጅ» አቀጠነ። ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ በሩ እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማዶ ጠበቀን። በጣት ሲነኩት ታችኛው ቀለም አብሮ ይነሳል። ሁለቱም በር እንደዚያ። ቀቢው ፕላስቲኩን ከፍቶ አሸተተና «ይሄ አኳራጅ አይደለም» አለኝ። ሱቅ ተመለስኩ። «ያው ነው ወንድሜ፣ ስሙ ነው የሚለያየው» አለኝ።

እናንተ ፍረዱ። ያው ነው ወይስ አይደለም? ቃሉስ ከየት የመጣ ነው?

ዝምተኛው አንባቢ፦
አኳ ውሃ ነው፤ በየውሃ ፕላስቲኩ ላይ ተጽፎ እናያለን። ራጅ ደግሞ ሐኪም ቤት የምንነሳው ራጅ ነው። ስለዚህ አኳራጅ የራጅ ፊልም የሚታጠብበት ውሃ ነው። ወንድሜ፣ በርህን ራጅ አንስተኸዋል። ሃሃሃ።

ሁሉን አውቃለሁ፦
ቀልዱን ትተን ቁም ነገር እናውራ። አኳ ሬጂያ ላቲን ነው፤ የንጉሥ ውሃ ማለት ነው። ወርቅ እንኳን የሚያሟሟ አሲድ ነው። የበር ቀለም መብላቱ ምን ይገርማል? ሁለተኛ እቤትህ እንዳታስገባው።

የሰበታው መምህር፦
ሁሉን አውቃለሁ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል፤ ስህተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ስሞች በጣሊያንኛ የሚለያዩት በአንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንተ ያልከው የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ ነው፤ 1 እጅ ናይትሪክ፣ 3 እጅ ሃይድሮክሎሪክ። እውነት ነው፣ ወርቅ ያሟሟል። ስሙም የመጣው የማዕድናትን ንጉሥ ስለሚደፍር ነው። ቀለም ሱቅ ግን በሃይላንድ አይቀዳም! እሱ ቢሆን ኖሮ ወንድማችን ስለ በሩ ሳይሆን ስለ እጁ ነበር የሚጠይቀን።

የቀቢዎቹ ቃል ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖቹ «አኳራጃ» ይሉታል። አኳ ውሃ ነው፤ ራጃ ደግሞ ከፓይን ዛፍ የሚንጠባጠበው ሙጫ። የሙጫ ውሃ እንበለው። የመጨረሻዋን «አ» እኛ ዋጥናት፤ አኳራጅ ሆኖ ቀረ።

ፓይን ስል የእኛን ጥድ አይደለም። ያ መርፌ ቅጠሉ ረጅም የሆነው፣ ደን ልማት የሚተክለው ዛፍ ነው። ግንዱ ሲበጣ ሙጫ ያወጣል። ሙጫው እንደ አረቄ ሲወጣ በእንፋሎት የሚመጣው ፈሳሽ ተርፐንታይን ነው። በድስቱ የሚቀረው ደረቅ ነገር ደግሞ ቫዮሊን ተጫዋቾች ደጋናቸውን የሚያሹበት፣ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ከሳልዳ ጋር የሚጠቀሙበት ነው። የድሮው አኳራጅ እንግዲህ ያ ተርፐንታይን ነበር።

ዝምተኛው አንባቢ፦
እና የእኔ ራጅ?

የሰበታው መምህር፦
ያንተም ራጅ ጣሊያንኛ ነው፤ ግን ሌላ ቃል ነው። ጨረር ማለት ነው። ሁለቱ ተለያይተው መጥተው አማርኛ ውስጥ አንድ ድምፅ ሆኑ። ግምትህ መጥፎ አልነበረም፤ ዛፉን ትተህ ሐኪም ቤት ሄድክ እንጂ።

ጋሽ ካቻቪቴ፦
ልጆች፣ ይሄን ክር ሳነብ የወጣትነቴ ጋራዥ ሸተተኝ። አቃቂ ነው ያደግሁት፤ ጋራዥ የገባሁት ገና በልጅነቴ ነው። የጋራዥ አማርኛ እኮ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ፒንሳ፣ ላሜራ፣ ካቻቪቴ። ይሄን ሁሉ ስንል ጣሊያንኛ እያወራን እንደሆነ የነገረን አልነበረም። አኳራጅም አብሮ የገባ ነው።

እኔ የማውቀው አኳራጅ ሽታው አይከፋም ነበር። ጫካ ጫካ ይሸታል፤ ዕጣን ነክ ነገር አለው። አለቃችን በተልባ ዘይት አድርጎ እንጨት ይወለውልበት ነበር። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው ላምባ ላምባ ነው የሚለኝ። እርጅና ነው ወይስ ዕቃው ተለወጠ?

የሰበታው መምህር፦
ጋሼ፣ እርስዎ አላረጁም፤ ዕቃው ነው የተለወጠው። ከዛፍ የሚገኘው ውድ ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ፣ በሥራው ተርፐንታይንን የሚተካ ርካሽ ፈሳሽ መጣ። ፋብሪካዎቹ ዋይት ስፒሪት ወይም ሚኒራል ተርፐንታይን ይሉታል። ጣሊያኖቹም ስሙን አልቀየሩም፤ «የማዕድን አኳራጃ» ብለው ቀጠሉ። እኛ ጋ ደግሞ ቅጥያው ቀርቶ አኳራጅ ብቻ ሆነ። ስሙ የዛፍ ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው የነዳጅ።

ላምባ ላምባ ያለዎትም እውነት ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው። ዋይት ስፒሪት በግምት ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ነው የሚፈላው። ላምባ ከዚያም ከፍ ይላል። ቤንዚን ደግሞ ከዚያ በታች ይጀምራል።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1924 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ ስቶዳርድ የሚባል የላውንደሪ ባለቤት ነበር። ላውንደሪዎች ያን ጊዜ ልብስ የሚያጥቡት ቤንዚን በመሰለ ፈሳሽ ስለነበር እሳት አላስቀምጥ ብሏቸዋል። እሱ ከአንድ ተመራማሪ ጋር ሆኖ ቶሎ እሳት የማይይዝ ዓይነት አወጣ። ዛሬም አንዳንድ ጣሳ ላይ «ስቶዳርድ ሶልቬንት» የሚል ካያችሁ ያው የዋይት ስፒሪት ወገን ነው።

የቱሉ ዲምቱው፦
መምህር፣ ዋይት ስፒሪትን ስልኬ ላይ ባስተረጉመው «ነጭ መንፈስ» አለኝ። ቀለም ቀቢ ሳይሆን ጠንቋይ የጠራሁ መሰለኝ።

ግን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። ቲነር ያው ነው አይደለም?

ቀቢ ነኝ ለገጣፎ፦
አይደለም! አይደለም! እኔ ልመልስልህ ወንድሜ፣ እንጀራዬ ነው።

እኛ ሠራተኞቹ አኳራጅ የምንለው ለዘይት ቀለም፣ ለሲንተቲክ፣ ለአንቲረስትና ለቫርኒሽ ነው። ቀስ ብሎ ይደርቃል። ብሩሹ ይንሸራተታል፤ የብሩሹ መስመርም ተመልሶ ይተኛል። ቲነር የምንለው ለመኪና ቀለምና በስፕሬይ ለሚነፋ የቤት ዕቃ ነው። ቶሎ ይተናል፤ አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ኃይለኛ ነው።

የበርህን ነገር ልንገርህ። ሲንተቲክ በማግስቱ ስትነካው የደረቀ ይመስልሃል። ላዩ ነው የደረቀው፤ ውስጡ ገና ነው። ኃይለኛ ቲነር ሲደርስበት ታችኛውን ያሳብጠዋል። ያበጠው ደግሞ መሄጃ የለውምና ይጨማደዳል። አኳራጅ ቢሆን አይነካውም ነበር። ቀቢህ ጥፋቱ አንድ ነው፤ ከመቀባቱ በፊት አላሸተተም። እኔ ሁሌ ክዳኑን ከፍቼ በእጄ ወደ አፍንጫዬ አራግባለሁ። አፍንጫህን አፉ ላይ አትደፋም እሺ፣ ያዞርሃል።

አሁን ሌላ ቀለም አትደርብበት። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተወው፤ ሳምንትም ይሁን ከዚያ በላይ። ከዚያ የተጨማደደውን ፍቀህ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ፣ እንደ አዲስ ጀምር። ማቅጠኛም ስትጨምር ጣሳው ላይ የተጻፈውን እይ። «ቀለሙ እንዲበረክት» ብለው ግማሽ በግማሽ የሚያደርጉ አሉ። ግድግዳው ላይ የሚቀረው እኮ ቀለሙ ብቻ ነው፤ አኳራጁ ተኖ ይሄዳል።

ሁሉን አውቃለሁ፦
የንጉሥ ውሃዬን እሺ ልተወው። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። አኳራጅ ከጠፋ ቤንዚን ማድረግስ? ሰፈራችን ያሉት እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። በነገራችን ላይ ቤንዚን ስሙን ያገኘው ከመርሴዲስ ቤንዝ ነው፤ ይሄን እንኳን አትከራከሩኝም።

የሰበታው መምህር፦
እከራከርሃለሁ እንጂ! ካርል ቤንዝ የተወለደው በ1844 እ.ኤ.አ. ነው። መኪናውን በ1886 አስመዘገበ። «ቤንዚን» የሚለው ስም ግን በ1833 ጀርመን ውስጥ ነበረ። ሚቸርሊኽ የተባለ ኬሚስት ነው ያወጣው፤ ቤንዝ ከመወለዱ 11 ዓመት በፊት።

የስሙ ሥር ደግሞ ቤታችን ድረስ የሚመጣ ነው። ኬሚስቱ ፈሳሹን ያገኘው ቤንዞይን ከሚባል ሙጫ በወጣ አሲድ ነው። ቤንዞይን የሚለው ስም የመጣው ከዐረብኛው «ሉባን ጃዊ» ነው፤ የጃቫ ዕጣን ማለት ነው። ነጋዴዎቹ ስሙን ከአፍ ወደ አፍ ሲያቀባብሉት መጀመሪያው ተቆረጠና «ቤንዞይን» ሆነ። እኛ ጋ ሳይቆረጥ ነው የገባው፤ ሉባንጃ! እናቶቻችን ከሰል ላይ የሚያደርጉት ሉባንጃና ማደያ የምንቀዳው ቤንዚን በስም አንድ አያት አላቸው።

እዚህም አንድ ወጥመድ አለ። ያ ሚቸርሊኽ የሰየመው በእንግሊዝኛ ቤንዚን የሚባለው አንድ የተወሰነ ኬሚካል ነው፤ 6 ካርቦን 6 ሃይድሮጅን። ፋራዳይ በ1825 ነው መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው። የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። ማደያ ያለው ቤንዚን ደግሞ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው፤ ከዚያኛው በውስጡ ትንሽ አለበት። በአማርኛ ሁለቱንም እኩል «ቤንዚን» እንጽፋቸዋለን። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይምታታባቸዋል።

ቀቢ ነኝ ለገጣፎ፦
ቤንዚን የሚቀላቅል ቀቢ ካያችሁ አባሩት። ቀለሙ ይገረጣል፣ ይነጣጠባል። ዋናው ግን እሳቱ ነው።

ጋሽ ካቻቪቴ፦
እሳት ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ናፍጣም አለ እኮ። አንድ ጊዜ ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ ጣሳ ላይ «ናፍታ» የሚል አየሁ። እኛ ናፍጣ የምንለው የከባድ መኪና ነው፤ አይጎዳም ብዬ ክፍት አድርጌ አስቀመጥኩት። ጠዋት ክፍሉ ሁሉ ሸተተ፤ ጣሳው ጎድሏል። ናፍጣ ደግሞ እንዲህ ይተናል እንዴ?

የሰበታው መምህር፦
ጋሼ፣ እግዜር ነው ያተረፈዎት። እዚያ ናፍታ የሚሉት ቀላሉን፣ ለቤንዚን የሚቀርበውን ነው። የእኛ ናፍጣ ዲዝል ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ዕቃው ሌላ።

ሚሚ የጥፍር ቤት፦
እኔም ልግባ ወይ? አያት አካባቢ ጥፍር ቤት አለኝ። አሴቶን በቀን በቀን በእጄ ነው። ስለ አኳራጅ የማውቀው አልነበረም፤ አንድ ቀን ግን አሴቶን አልቆብኝ ጎረቤቴ አናጺው ቲነር ሰጠኝ። የጥፍር ቀለሙን ጠራርጎ አወጣው። ደንበኛዬ ግን «ምንድን ነው ይሄ ሽታ» ብላ ተቆጣች፤ አልደገምኩትም። ሌላ ቀን እሱው «አኳራጅ ነው» ያለውን ሞከርኩ። ብፈትግ ብፈትግ ጥፍር ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ለምን?

የሰበታው መምህር፦
ሚሚ፣ ሳታውቂው ላቦራቶሪ ሠርተሻል። የጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ ከሚባል ነገር ነው የሚሠራው። እሱን አሴቶን ያሟሟዋል፤ ቲነር ውስጥም አሴቶንና ዘመዶቹ ስላሉ ያሟሙታል። ዋይት ስፒሪት ዘይት ነክ ነገር እንጂ ያንን አይችለውም። «አሟሚ» ብለን በደፈናው ብንጠራቸውም ሁሉም ሁሉን አያሟሙም። ቲነር ደግሞ የአንድ ነገር ስም እንኳን አይደለም፤ ማቅጠኛ ማለት ነው። ቶሉይን፣ አሴቶን፣ አልኮል፣ ሌላም ሌላም ይቀላቀላል፤ አንዱ ፋብሪካ ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ሱቁ ልጅ «አኳራጅ ቲነር ነው» ሲል በቃሉ ፍቺ ከሄድን አልዋሸም። አኳራጅም ያቀጥናልና። ሠራተኛው ግን ቲነር ሲል ያንን ኃይለኛውን ብቻ ነው። ልጁ የመዝገበ ቃላቱን አወራ፤ ቀቢው የሥራውን ጻፈ።

ሚሚ፣ ያንቺን ሙከራ ማንም ሱቅ በር ላይ ሊያደርገው ይችላል። ቆርኪ ላይ የደረቀ የጥፍር ቀለም ይዞ ሄዶ በጥጥ መጥረግ ነው። ከለቀቀ ለሲንተቲክ ቅብ አይሆንም።

የአቃቂዋ እናት፦
ይቅርታ፣ የጀመራችሁት ስለ ስም ነው፤ እኔ ግን ሃይላንድ የሚለውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። የእህቴ ልጅ የ3 ዓመት ልጅ እያለ ቤት ሲቀባ ከደረጃው ሥር የተቀመጠ ሃይላንድ አንስቶ ጠጣ። ውሃ ይመስላል እኮ! ንጹሕ፣ ነጭ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ወተት አጠጡት፣ አስታውኩት» ይላል። እህቴ ደንግጣ ጣቷን ጉሮሮው ልትከት ስትል አንዲት ነርስ ጎረቤት ደረሰችና ከለከለቻት። ሐኪም ቤት ሳምባው ታየ። ደህና ነው አሁን፣ ትልቅ ልጅ ሆኗል፤ ያን ሳል ግን አልረሳውም።

የሰበታው መምህር፦
እማማ፣ እግዜር ይስጥልን። ነርሷ ልክ ናት። እንዲህ ያሉ ፈሳሾች ሲዋጡ ትልቁ ጉዳት ሆድ ላይ አይደለም። ሲታወክ ወደ ሳምባ ይገባል፤ እዚያ ነው የሚያቃጥለው። አለማስታወክ፣ ጀሪካኑን ወይም ፕላስቲኩን ይዞ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። «ምን ነበር የጠጣው?» ሲሏችሁ ስም ብቻ ከነገራችኋቸው ምን እንደሚሆን ይሄው እያያችሁ ነው።

ስሙም አያግዘንም፤ «አኳ» ነው የሚለው። የድሮ ጠማቂዎችና ኬሚስቶች የተጣራ ፈሳሽ ሁሉ ውሃ ነበር የሚሉት። አልኮሉን የሕይወት ውሃ፣ ናይትሪክ አሲዱን ብርቱ ውሃ። አኳራጅ ግን ከውሃ ጋር እንኳን አይቀላቀልም፤ እላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ቀቢ ነኝ ለገጣፎ፦
እኔም ልጨምር፣ ከዚያ እንጀራ ፍለጋ እሄዳለሁ። ቤት ስቀባ የቤቱ እመቤት ብዙ ጊዜ ቡና ታፈላልናለች። ደግነቷ ነው፣ አልጠላም። ግን ከሰሉን እዚያው ሳሎን መሬት ላይ ታደርገዋለች። እኔ ጥግ ላይ ብሩሽ እያጠብኩ ነው። ትነቱ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ወለሉን ነው የሚሄደው። ከሰሉም ወለል ላይ ነው። አሁን «እሜቴ፣ ቡናውን ደጅ ያድርጉልኝ» እላለሁ። አንዳንዷ ትቀየማለች።

የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅም ጥቅልል አድርጋችሁ አትጣሉ። ሳይለኩሱት ራሱ ይግላል። ዘርግቶ ደጅ ማድረቅ ነው።

ጋሽ ካቻቪቴ፦
እውነት ነው። የእኛ አለቃ ጨርቁን አጥር ላይ ይሰቅል ነበር። ለንጽሕና ይመስለን ነበር እኮ!

የቱሉ ዲምቱው፦
ቤተሰብ ተመለስኩ። ዛሬ ጠዋት የእህቴን ቀይ ጥፍር ቀለም ሦስት ቆርኪ ላይ ቀብቼ ወጣሁ። በዚያው ያቺን ቀሪዋን ሃይላንድ ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ ያው ሱቅ ገባሁ። ልጁ የለም፤ አባቱ ነው የተቀመጠው። «አኳራጅ አለ?» አልኩት። «ለምን ሥራ?» አለኝ። ይሄን ጥያቄ ልጁ ቢጠይቀኝ ኖሮ በሮቼ ይተርፉ ነበር። «ለሲንተቲክ» አልኩት። ከጀርባው የታሸገ ጣሳ አወረደ። ሚኒራል ተርፐንታይን ይላል። ቆርኪዬን አወጣሁ። ሰውየው ጉድ ነው ብሎ እያየኝ ጥጥ ነክሬ ጠረግሁ። ቀዩ አልለቀቀም። ከሃይላንዱ ነክሬ ሁለተኛውን ጠረግሁ። ጥጡ ደም መሰለ።

ሰውየው ሃይላንዱን አሸተተና ዝም አለ። ቆይቶ «ይሄን ማን ሸጠልህ?» አለኝ። ልጅህ ማለት ከበደኝ። «ከዚሁ አካባቢ ነው» አልኩት። ገባው መሰለኝ፣ ከጣሳው ዋጋ ላይ ቀነሰልኝ።

ሦስተኛው ቆርኪ ኪሴ ውስጥ ቀርቷል። እህቴ ጥፍር ቀለሟን እየፈለገች ነው።

ዝምተኛው አንባቢ፦
ቆርኪውን ራጅ አስነሳው።